የሚስተሩ ሦስት ፎልደሮች

ማርያምን፣ ይህ እዚህ ዓረብ አገር፣ ፋናር የሚባል ሰፈር በእውን የሆነ ነው፤ ዋሽቼ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ።

የቤት ሠራተኛዋ ውባለም የቤቱን ስልክ በትከሻዋ አጣብቃ፣ ጣቷን ከሚስተሯ፣ ከአሠሪዋ፣ ኮምፒውተር ቁልፍ በላይ አንጠልጥላ ቀረች። ከተሳሳተች ፕሪንተር የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የሚስተሩ የስድስት ወር ልፋት፣ ድራሹ ይጠፋል፤ እሷም ወደ አገሯ ትጫናለች።

«ያላ፣ ቶሎ በይ! ኮምፒውተሩ ሞልቷል፤ ከቢሮ የምልከው እንዲገባ አሮጌውን ፎልደር አጥፊው!» ሲል ሚስተሩ በስልኩ ጮኸባት።

«ሚስተር፣ አሮጌ የሚል የለም። ያለው ‹አዲስ›፣ ‹የመጨረሻ› እና ‹የመጨረሻ መጨረሻ› ነው።»

«ያኒ... ማለቴ... ‹አዲስ› የሚለውን አጥፊው!»

«ሚስተር፣ ይቅርታ፣ እኔ የጨው ጣሳ ላይ የምጽፈው ጨው ብዬ ነው። ‹አዲስ› ብዬ ብጽፍበት ኖሮ ሻይዎን በጨው ይጠጡ ነበር። ፕሪንተሩን የሚያሠራው የትኛው ነው?»

‹በቃ፣ አባረረኝ› ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እንዳትነኪው» አለ ሚስተሩ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «የሚሠራው ‹አዲስ› ነው። ስሙን ‹ፕሪንተር› በዪው። መርሲ፣ ውባለም።»

ሁሉም እውነት ነው። «መርሲ»ዋን፣ ምስጋናዋን፣ ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኩላት።