አጥብቀው ይጫኑት

እማማ ዛርጉና የዳራን ገበያ ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ አርባውን የጠመንጃ ሱቅ አልፈው፣ ሚርባዝ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

ሚርባዝ ሲያያቸው ክው አለ። የሴት ልጁ ባል ሻምሮዝ የእኚህን ሴት አንድ ልጅ ገድሎ ሸሽቶ ነበር። ነገ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ፊት ሊቀርብ ነው፤ በደንቡ ደም የመመለሱ መብት የእናትየው ነው።

«ያን ሽጉጥ አውርድልኝ» አሉ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ። «የባሌ ቤት ሥራ የሆነውን።»

ባላቸው ጉልዛድ ከሞተ ወዲህ እንደሱ የሚሞርድ ዳራ ውስጥ አልተገኘም። ቤቱን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። እጁን እንዳያዩበት ነው፣ ቀናተኛ ነው ይሉት ነበር።

«ለምንዎ ነው፣ እማማ?»

«ለሠርግ! አማችህን ልድርበት ነዋ! ምን ታፈጥብኛለህ? አንድ የልጅ ልጅ ነው የቀረኝ። ዛሬ እኔ ካልሞከርኩ ነገ ጢም ሲያበቅል እሱ መሞከሩ ነው።»

አልሸጥም ማለት ነውር ነው። ቢልስ? አርባ ሱቅ አለ። ሚርባዝ ሽጉጡን አወረደ፤ ሲያወርድም አንድ ነገር ትዝ አለውና ፈገግታውን በጢሙ ሸሸገ።

«ዐይንዎ ደክሟል፣ እማማ። ከሩቅ ከተኮሱ ሽማግሌዎቹን ነው የሚፈጁት። ደረቱ ላይ ይለጥፉት። አጥብቀው ይጫኑት፤ ከዚያ ምላጩን መሳብ ነው።»

«አጥብቄ?»

«ባለ በሌለ ኃይልዎ!»

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። እንዲህ የሚያስተምር አይጥፋ።»

አውራ ጣታቸውን በሽጉጡ ጀርባ ላይ አሳለፉ። የጣታቸው ጫፍ ደንድኗል፣ ጥፍራቸው ጠቁሮ ተበልቷል። ‹ምስኪን፣ ሲቆፍሩ ኖረው!› አለ ሚርባዝ በልቡ።

እንዲህ ያለ ሽጉጥ አፈሙዙ ከተጫነ የላይኛው ብረት ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። እሱ ከሸሸ ምላጩና መዶሻው ይለያያሉ፤ ቢስቡት ቢስቡት አይተኩስም። ይህን የማያውቅ አንጥረኛ ዳራ ውስጥ የለም። አሮጊት ከየት አባቷ ታውቀዋለች?

በማግስቱ ሻምሮዝ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ በሁለቱ ቤት ወንዶች መሀል ተንበረከከ። እማማ ዛርጉና አፈሙዙን ደረቱ ላይ ተከሉ።

«የልጄን ስም ጥራ!»

«ባኽታዎር» አለ በደረቀ ከንፈሩ።

ምላጩን ሳቡ። ዝም። ሻምሮዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ተከተሉት። አፈሙዙ ለቅጽበት እንኳ ከደረቱ አልተላቀቀም። ደግመው ሳቡ። ዝም።

እማማ ዛርጉና «ምን ነክቶት ነው?» ብለው ሽጉጡን ወደ ሰማይ አነሡና ሳቡት።

ጓ! የጥዱ እርግቦች ሁሉ ተነሡ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጥምጥማቸውን አቃኑ። «ባሩዱም ደኅና፣ ብረቱም ደኅና! እናት የድርሻዋን አደረገች፣ አላህ እምቢ አለ። ደሙ ደርቋል። ከእንግዲህ ከሁለቱ ቤት ጣቱን ምላጭ ላይ የሚያኖር ቢኖር ከእኛ አይደለም!»

በጉ ታረደ። ደመኞቹ ከአንድ ሳህን በሉ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ዛርጉና ሽጉጡን ይዘው ወደ ሚርባዝ ሱቅ ተመለሱ። ሚርባዝ ተቀበላቸውና ብልኅነቱ በአፉ ሊወጣ ተናነቀው።

«እንግዲህ አይቀየሙኝ፣ እማማ፤ የጉልዛድ ሽጉጥ ጉድ ሠራዎት።»

እሳቸው የላይኛውን ብረት በአንድ እጃቸው ስበው ጥይቱን አራገፉና ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ጉልዛድማ፣ አላህ ይማረውና፣ ሞረድ ጨብጦ አያውቅም። የሱ ሥራ በር መዝጋት ነበር።»