የሀኒፋ ልክ

አቶ ነስሩ ሲባጎውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው በሴት ጫማው ሶል ላይ ዘረጉት። የአረፋን በዓል ሀና ማርያም ሰፈር ልጃቸው ቤት አሳልፈው በማግስቱ ወደ ወራቤ ሊመለሱ ነበር፤ ለባለቤታቸው ለሀኒፋ እዚሁ ጎፋ የተሰፋ ጫማ ሳይዙ መግባት አልፈለጉም። በወጣትነታቸው ነፋስ ስልክ ሲሠሩ፣ አረፋ በመጣ ቁጥር የእግሯን ልክ በሲባጎ ይዘው እንዲሁ ይገዙላት ነበር። ዘንድሮም "ልክሽን ስጪኝ" ቢሏት፣ ሁለቱንም ጫፍ ቋጥራ ሰጠቻቸው።

ሲባጎው ግን ከአምስተኛውም ጫማ ተርፎ ተንጠለጠለ።

"አባባ፣ እማማ ወታደር ነበሩ እንዴ?" አለ ጫማ ሰፊው በፍቃዱ እየሳቀ። "ይሄ እኮ የወንድ ልክ ነው።"

"ኧረ የሷስ የልጅ እግር ነው!"

በፍቃዱ ሲባጎውን ተቀብሎ ጎንበስ አለና ከአቶ ነስሩ እግር ጎን ዘረጋው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ ከተረከዛቸው እስከ አውራ ጣታቸው ልክክ አለ።

አቶ ነስሩ ሲባጎውን ከመሬት አነሱት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለራሳቸው አንድም ጫማ ይዘው ገብተው አያውቁም።

"ተኝቼ ነው የለካችኝ" አሉ። "አይ ሀኒፋ!"

"የወንዱን ላውጣ ታዲያ?"

"የሴቱን ነው እንጂ" አሉና ግራ እጃቸውን ዘረጉ፤ በቀኛቸው እየለኩ ከመሃል ጣታቸው ጫፍ ተነስተው የሰዓታቸው ማሰሪያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "የመጀመሪያውን ስገዛላት ሲባጎ አልነበረኝም። እግሯ ከዚህ እስከዚህ ናት።"