አፌን አሽትቺልኝ

ኤይኖ ከእሑድ ከሰዓት እንቅልፉ ሲባንን የቮድካው ቃጠሎ ጉሮሮው ላይ ነበር። ከሶፋው ወርዶ ተንበርክኮ ከሥሩ ጠርሙስ ፈለገ፤ የለም። የማገዶው ክምር ውስጥም የለም። ግን ጠጥቷል። ሐይቁ ዳር ባለው ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ወንድሙ ሲቀዳለት፣ እሱም አንስቶ ሲጨልጠው አይቷል። ወንድሙ በዚሁ መጠጥ ሞቶ ከተቀበረ ዓመታት ማለፋቸው ትዝ ያለው ቆይቶ ነው።

ሚስቱ ራይሊ ወጥ ቤት ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ፊቱን ስታይ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምን ሆንክ?»

«አፌን አሽትቺልኝ።»

መጠጥ ሳይተው በፊት፣ በር ላይ ጠብቃ ስታሸተው «ፖሊስ ሆንሽብኝ!» እያለ ይሰድባት ነበር። አሁን ራሱ ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተላት። ጉንጮቹን በእጆቿ ይዛ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ዓሣና ሽንኩርት» አለች። «ሌላ ምንም የለም።»

«እስቲ እንደገና።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን አፍንጫ አታውቀውም እንዴ?»

ሊስቅ ሲል እጆቿ ጉንጩን አልለቅ አሉት።

«ሕልም ነው» አላት። «ወንድሜ ቀዳልኝ።»

«እኔም አልማለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኑ አሽሽታ። «አንተ ስትጠጣ። ከዚያ እነሳና፣ እንዳልቀሰቅስህ ቀስ ብዬ አፍህን አሸታለሁ።»

በዚያ ሁሉ ሌሊት አጠገቡ ስትባንን እሱ ተኝቶ ኖሯል።

«ከእንግዲህ ቀስቅሺኝ» አላት። «ነቅቼ ልተንፍስልሽ።»