የተደፋችው አበባ

ባየሽ የዚያን ክፍል ደጃፍ ልትጠርግ ስትል ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥማለች። ብትጠመጥምም አያድናትም። የበሰበሰ ቆዳ ሽታ፣ ልጆቼ፣ ጨርቅ አያግደውም፤ በአፍንጫ ቢያጡት በዓይን ይገባል።

ቤቱ አምቦ ውስጥ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ፣ የአንድ ፈረንጅ ነበር። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ወስዶ መጋዘን አደረገው፤ ባየሽም በጽዳት ተቀጠረችበት። ፈረንጁ ለመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሴራሚክ ከአገሩ አስመጥቶ ነበር። የሚያብለጨልጭ ሸክላ ነው፤ አንዱ መዳፍ ያክላል፤ ሲገጣጠም የአበባ እርሻ ይሆናል። ቱሊፕ ይሉታል አሉ፣ ብርዱ አልፎ አገራቸው ሞቅ ሲል የሚያብብ። ቀዩ በመስመር፣ ቢጫው በመስመር፣ ልክ እንደ ድንች ማሳ።

ግድግዳውን የሠራው የባየሽ ባል፣ ግንበኛው ኦልጅራ ነው። ከኋላ ለቧንቧ ጠጋኝ መግቢያ ክፍተት ትቶ፣ ሸክላውን አንድ በአንድ ለጠፈ። ታዲያ አምቦ ውስጥ ቱሊፕ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ? ከዳር ያለችውን አንዲት ቀይ አበባ ስኒ መስላው፣ ታጥቦ እንደሚደፋ ስኒ ደፍቶ ለጠፋት። ፈረንጁ ስቆ «ተዋት» አለው። ኦልጅራ ግን እሷን ካላቀናሁ እያለ ስንት ሌሊት ባየሽን እንቅልፍ ነሳት።

ከዚያ የጸሎት ቤት የሚታሸግበት ዘመን መጣ። ኦልጅራ የጸሎት ቤታቸው ቁልፍ ያዥ ነበርና «ቁልፉን አላስረክብም» አለ። ሊይዙት በመጡ ዕለት ጠፋ። መጨረሻ የታየው እዚሁ ግቢ በር ላይ ነው፤ የቀበሌው መጋዘን ኃላፊ ነጋሳ ክንዱን ጨብጦ ሲያስገባው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ባየሽ እስር ቤት ሄዳ ብትጠይቅ «እኛ ጋ የለም» አሏት። ታዲያ ማን በላው?

ሽታውም የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ነጋሳ የሰፈሩን የቅርጫ በሬ ቆዳ ሁሉ እየሰበሰበ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆለለው። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲነግድ የኖረ ሰው፣ እናንተዬ፣ አንዲት እፍኝ ጨው እንኳ አልነሰነሰበትም! ትሉ ወለሉ ላይ ይርመሰመሳል። ስቡ በአበቦቹ ላይ ይንጠባጠባል። ቢጫውን መስመር ዝንብ አጥቁሮታል።

«አዴ ባየሽ፣ ውስጡን አትንኪ፤ ደጃፉን ብቻ ጥረጊ» ይላታል ነጋሳ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «ለውሻዬም ትራፊ ማምጣት አትርሺ።»

«ውሻህ ምን ይበላል፣ ኦቦ ነጋሳ?»

«ሽሮ። ቃሪያ ጣል አድርጊበት።»

«ቃሪያ የሚበላ ውሻ!»

«የአምቦ ውሻ ነዋ፤ ምን ይደረግ።»

ውሻውን አይታው አታውቅም። ሲጮህም አልሰማችው። ሆዳም፣ ትላለች በልቧ፤ ባሌን ሸጦ በላ፣ አሁን ደግሞ ሽሮዬን በውሻ ስም ይሰለቅጣል። ግን አለቃዋ ነው፤ ታመጣለታለች። እሱ ሳህኑን ሲቀበላት ጣቶቹ ላይ ያለው ስብ እንዳይነካት እጇን ትሰበስባለች።

ቢብስባት አውራጃ ሄዳ ለካድሬው ለጓድ ኤጄታ ተናገረች። ኦልጅራን ሲያሳድድ የከረመው ራሱ ኤጄታ ነው፤ የነጋሳ ጥላቻ ግን እሱን እንኳ አስረሳት።

«የሕዝብ ቤት አበስብሷል» አለችው። «የሚደብቀው ነገር ባይኖር ሰው ለምን አያስገባም?»

ኤጄታ ትክ ብሎ አያት። «ስለ ባልሽ ስንጠይቅሽም እንዲሁ ነበርሽ። ፊትሽ መዋሸት አያውቅም። ከእስር ያዳነሽም ይኸው ፊትሽ ነው» አላትና ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ።

ነጋሳ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ይግቡ፣ ጓድ! ከሥር ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ላንሣልዎት?»

ላዩን ቆዳ ገለጥ ሲያደርገው ትሉ እየተንከባለለ ኤጄታ ጫማ ላይ ወጣ። ኤጄታ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁርሱን አስመለሰ። ሚሊሾቹ አጥሩ ጥግ ደርሰዋል።

«አሳማ!» አለው አፉን እየጠረገ። «ነገ ይጽዳ። ከነገ ወዲያ መጥቼ ግድግዳውን ሳይቀር እፈትሸዋለሁ። አንቺ፣ እጠቢው!»

ነጋሳ ፊቱ አመድ መሰለ። ባየሽ ዓመት ሙሉ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ነጋሳ ሌላ የበሰበሰ ቆዳ ለማምጣት ብሎ ወደ ጉደር ሊሮጥ ሲል «እስክመለስ እንዳትነኪው፣ በእናትሽ» አላት። እሷ እቴ! ጀርባውን ገና ሲሰጣት ሁለት ባልዲ ውሃና በረኪና ይዛ ገባች። ቆዳውን በጅራቱ እየጎተተች አወጣችው። እጇ ላይ ይላላጣል፤ ሁለት ጊዜ ወጥታ አስመለሳት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳ ገባች። በሩንና መስኮቱን በረገደችው። ንጹሕ አየር ገባ።

ከግድግዳው መጀመሪያ ማየት የፈለገችው ያቺን ከዳር ያለችውን አበባ ነው። ከኦልጅራ እጅ ሌላ ምን ቀራት? ቦታዋን በጨለማም ታውቀዋለች። ስቡን በቢላ ፋቀችላት፤ በብሩሽ አሸቻት፤ ውሃ ደፋችባት።

አበባዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። አገዳዋ ወደ ታች፣ አፏ ወደ ላይ። ዙሪያዋን ያለው ሲሚንቶ አዲስ ነው።

ባየሽ በብሩሹ እጀታ ሸክላዋን ኳ ኳ አደረገቻት።

«ባየሽ» አለ ግድግዳው ቀስ ብሎ፣ «በእናትሽ፣ ሽታውን መልሺልኝ።»