ወደ ክር ሱቁ የተደወለው ስልክ

ልጁ እናቱን መጠርጠር የጀመረው የሒሳብ መጽሐፉ የጠፋ ዕለት ነው።

ቤቱን አገላብጦ ፈለገው። በመጨረሻ ያገኘው ሱቅ ውስጥ፣ ከዚፕ ካርቶኖች ሥር ተሸጉጦ ነው። ሲጠይቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«እኔ ምን አውቄ፤ አንተው ጥለኸው ይሆናል» አለች ክር እየጠቀለለች።

እናትና ልጅ የሚተዳደሩት በዚያች ሱቅ ነው። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ላስቲክ፤ ልብስ ሰፊ የሚፈልገው ሁሉ አለ። አባትየው ከሞተ ወዲህ እሷ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትከራከራለች፤ እሱ ይሸከማል፣ ይደረድራል። ልጁ ግን ዕድሜ ልኩን ቁልፍ በቀለም ሲለይ መኖር አልፈለገም። የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ለማታው ክፍል ተማሪ ሊቀበል ነው ሲባል ሰምቶ አመለከተ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ስሙን ትታ «ዳይሬክተሩ» ትለው ጀመር።

«ዳይሬክተሩ፣ እስቲ ያን ካርቶን አውርድልኝ።»

ሹፈቷን ችሎታል። ያንገበገበው ጥያቄዋ ነው።

«ማታ ማታ ሱቁን ማን ሊይዘው ነው?» ትላለች ምሳ በቀረበ ቁጥር። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ደግሞ እሷ በሐሳብ ጭልጥ ብላለች።

የመግቢያ ፈተናው የጠዋትና የከሰዓት ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ለእሱ የጠዋቱ ደረሰው። ጨርሶ ሲመለስ እናቱ ደህናውን ጫማዋን አድርጋ ሱቁ በር ላይ ቆማለች።

«ፈተናው ከበደ?»

«ደህና ነው።»

«ሰዓቱስ ይበቃል? ወንበሩ ይመቻል?»

ወንበር! እንደው የሰው እናት ስለ ልጇ ፈተና ስትጠይቅ ወንበር ምን አገባት? ሳይመልስላት የሱቁን ቁልፍ አስጨበጠችውና የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ሄደች። የታመመው ማን እንደሆነ አልነገረችውም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የተቀበሉኝ ቀን እንዳላፍር ብሎ ስለ ገበያና ስለ ሒሳብ አያያዝ የሚያወሩ መጻሕፍት ተዋሰ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጮክ ብሎ ያነባል። እናቱ ለመርፌ ብላ የገዛችውን መነጽር አድርጋ አጠገቡ ቁልፍ ትደረድራለች።

«ያቺን እስቲ ድገማት» ትለዋለች አንዳንዴ።

«ቀልዱ ይብቃሽ፣ እማዬ።»

ውጤት የሚነገረው በስልክ ነው ተብሏል። የልጁ ስልክ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲጠፋ ስለሚያስቸግር የሱቁን ቁጥር ነበር የሰጠው። በዚህ ተጸጸተ። ስልኩ ገና ከመጮኹ እናቱ ከተቀመጠችበት ዘላ ታነሳለች፤ አንዳንዴም ጀርባዋን ሰጥታ ታንሾካሹካለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ድምፅ ሰምቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። እናቱና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናቸው።

«ጠዋት ደወሉ» ትላለች እናቱ።

«ውይ! ለልጁ ነገርሽው ታዲያ?»

«ምን ብዬ ልንገረው? ልቡ ይሰበራል።»

ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ድንገት ጥቁር ዚፕ ፈለገች።

ልጁ ያን ቀን እህል ከአፉ አልደረሰም። የገዛ እናቱ! ወድቆ ቢሆን ትነግረውና ታጽናናው ነበር። የደበቀችው ቢያልፍ ነው። ሱቁን ጥሎ እንዳይሄድባት ዕድሉን ልታፍነው ነው። ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ያመመው ማዘኑ ነው።

በማግስቱ እናቱ «ዕቃ ላመጣ ነው» ብላ በጠዋት ወጣች። ልጁ ጥቂት ቆየና ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሰ።

መዝጋቢዋ ጸጥ ያለች ሴት ናት። የስልክ ቁጥሩን ጠየቀችው፤ የሱቁን ነገራት። ኮምፒውተሯን ተመለከተች።

«በዚህ ቁጥርማ ትናንት ጠዋት ደውለናል። አንድ ሴትዮ ናቸው ያነሱት።»

«አላልኩም?» ልጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «እናቴ ናት! ደብቃኝ ነው፣ እህቴ። ትቶኝ እንዳይሄድ ብላ ነው። አደራሽን፣ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ!»

መዝጋቢዋ ግራ ገባት። ስሙን ጠይቃው እንደገና ፈለገች። ፊቷ ለዘብ አለ።

«አንተ ገና ተጠባባቂ ነህ፣ ወንድሜ። ለአንተ አልደወልንም።»

«እንዴት አልደወላችሁም? ለእናቴ ታዲያ ምን ብላችሁ ነው የነገራችኋት?»

«እንኳን ደስ አለዎት ነው ያልናቸው፤ ዛሬ ጠዋት መጥተው የመጨረሻዋን ቦታ የያዙት እኮ እሳቸው ናቸው።»