አንዲት ፍሬ ጤፍ

«አንዲት ፍሬ አልኩ እንጂ እፍኝ አልኩ?» ይላሉ ጋሼ ሁንዴሳ፣ የዮኒን እጅ ከጆንያው ላይ እየመለሱ።

ፉሪ፣ እህል መጋዘናቸው ውስጥ ቆመናል፤ ዮኒ በዲግሪው፣ እኔ በአስረኛ ክፍሌ። የሚቀጥሩት አንድ የመጋዘን ኃላፊ ብቻ ነው። ፊታችን ሦስት የተሰፉ ጆንያዎች አሉ፤ አንዱ ነጭ ጤፍ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሠርገኛ። በየጆንያው ላይ ስም ተጽፏል፤ ሦስቱም ስም ውሸት ነው። ጋሼ ሆን ብለው ነው ያዘበራረቁት። በየጆንያው ጥግ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ከአንዱ ጆንያ አንዲት ፍሬ አውጥቶ የሦስቱንም ትክክለኛ ስም የተናገረ ሥራውን ይወስዳል።

ዮኒ ‹ነጭ› ከተባለው ያወጣል። ቀይ ፍሬ።

«ቀይ ነው!» ይላል። ከዚያ ቆም ይላል። «ወይም... ሠርገኛ። ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልድገም?»

«አይደገምም።»

«እንዲህ ከሆነማ ሎተሪ ነው» ይለኛል ወደ እኔ ዞሮ።

«ላንተ ነው።»

ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጡት እትዬ አረጋሽ፣ የጋሼ ባለቤት፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

እኔ እንቆቅልሽ መፍታት የተማርኩት ከሱቅ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ነው። መልሱ ያለበት ገጽ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ መልስ አላይም፤ አወጣለሁ።

በጥፍሬ ‹ሠርገኛ› ከተባለው ጆንያ አንዲት ፍሬ አወጣለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መዳፌ ላይ ያፈጣሉ። ነጭ።

«ይሄ ነጭ ነው» እላለሁ። «‹ቀይ› የተባለው ሠርገኛ፣ ‹ነጭ› የተባለው ቀይ።»

«ሁለቱን ሳትነኪያቸው?» ይላል ዮኒ።

«ይሄ ስሙ ውሸት ስለሆነ ሠርገኛ አይደለም፤ ነጭ ፍሬ ከወጣው እንግዲህ ነጭ ነው። ‹ቀይ› የተባለው ቀይ መሆን አይችልም፣ ነጩም ተገኝቷል፤ ሠርገኛ ነው። ለመጨረሻው ምን ተረፈ?»

«ተሳስተሻል» ይላሉ ጋሼ ሁንዴሳ። «‹ነጭ› ያልኩት ሠርገኛ ነው። በዚህ በእጄ ነው የሰፋሁት።»

ዮኒ ፈገግ ማለት ይጀምራል። እዚህ ሰፈር ጋሼ ሁንዴሳን በእህል ነገር ተሳስተዋል ብሎ የሚናገር የለም። ጆንያው የሳቸው፣ ሥራው የሳቸው። አንገቴን ብደፋ ምናልባት ያዝኑልኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሊታዘንልኝ አልመጣሁም።

«ጋሼ፣ እሱ ሠርገኛ ከሆነ ‹ቀይ› የተባለው እውነትም ቀይ ሊሆን ነው። ሦስቱም ውሸት ነው ብለውኝ የለ? ወይ ያኔ ተሳስተዋል፣ ወይ አሁን።»

የመጋዘኑ ተሸካሚዎች ጆንያ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆመዋል።

«አንተ ደግሞ» ይላሉ እትዬ አረጋሽ፣ «ትናንት የበላኸውን የማታስታውስ፣ ትናንት የሰፋኸውን ልታስታውስ ነው? ክፈተዋ!»

ጋሼ ቢላዋ ያነሳሉ። ‹ነጭ› የሚለውን ጆንያ ስፌቱን ይተረትሩታል፤ አይቸኩሉም፣ ክሯን አንድ በአንድ። ጆንያው ዘንበል ሲል ጤፉ ሲሚንቶው ላይ ይፈስሳል። ቀይ። በጉልበታቸው ይንበረከኩና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ፤ ከሥር ዝቀው ያወጣሉ። ያም ቀይ። በጣታቸው እየበተኑ አንዲት ነጭ ይፈልጋሉ። የለችም።

ዮኒ ሌሎቹን ሁለት ጆንያዎች ያይና የትምህርት ማስረጃዎቹን ወደ ፌስታሉ ይመልሳል።

ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። እህል የጫነ አይሱዙ የኋሊት ወደ በሩ እየተጠጋ ነው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል፤

«ጋሼ! ተረካቢው ማነው?»

ጋሼ ሁንዴሳ ከተንበረከኩበት አይነሱም። በሁለት እጃቸው ቀይ ጤፍ ጨብጠው፣ በአገጫቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ።