የማሽኑ ገመና

በሕንፃ ንድፍ ቢሮው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አትዝጉት» ነው የሚለው። ሰው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ባለ ቁጥር «አትዝጉት! አትዝጉት!» እያለ ስለሚጮህ የወጣለት ስም ነው። ምን ያድርግ? ሥራው ገና መሠረቱ ያልተቆፈረን ሕንፃ ተሠርቶ ያለቀ አስመስሎ በሥዕል ማውጣት ነው። ማሽኑ አንዱን ሥዕል ለማውጣት ሰዓታት ይፈጅበታል። መሐል ላይ ክዳኑ ከተዘጋ ደግሞ የተለፋው ሁሉ ውኃ በላው፤ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

ሌላው ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ መልኩን ያያል። አትዝጉት የሚመኘው ሲሞቅ የማይለግም፣ አንድ ሙሉ ሆስፒታል ከነመስኮቱ ሲጭኑበት የማያቃስት፣ ቀለም የማይዋሽ፣ ከሶኬት ሲነቀልም ግማሽ ቀን የሚቆይ ማሽን ነው። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፎ ለአለቃው አስገብቷል።

«ላፕቶፕ ላፕቶፕ ነው» አለው አለቃው፣ ሦስቴም። «እኔ በዚህች በኔዋ ስንቱን እሠራለሁ!» ስንቱን ያለው ኢሜይልና ካርታ ጨዋታ ነው።

በማሽን ፈንታ የመጣለት ማስጠንቀቂያ ነው። ሥራ አዘገየ ተብሎ አንድ፤ ደገመ ተብሎ ሁለት። ሦስተኛው መሰናበቻ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ሚስቱ ከኪሱ አገኘችው። አንብባ፣ አጣጥፋ፣ እዚያው መለሰችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አለቃው በሩ ላይ ቆሞ፣ «የሆስፒታሉ ሥዕል ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄ ይግባ። ችግሩ ማሽኑ ይሁን አንተ፣ ዛሬ ይለይለታል» ብሎት ሄደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጋለ፤ እጅ አያስነካም። አትዝጉት ክዳኑን እንደከፈተ አቅፎ ቀዝቃዛ ወደሆነው ምድር ቤት ወረደ። የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ «ዛሬም አመመው?» እያለ እየሳቀ ወንበርና ሶኬት ሰጠው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥዕሉ ዘጠና አንድ በመቶ ደረሰ። የሚልክበት ኔትወርክ ያለው ላይ ቢሮው ነው። ባትሪው ሃያ ደቂቃ ይቆያል፤ ሊፍቱ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ። ነቀለና እንደ ጨቅላ አቅፎት ሊፍት ውስጥ ገባ።

አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሽበታም ሰው ተከትሎት ገባ።

«ስንተኛ ነህ?»

«አራተኛ፣ ጋሼ። ይጫኑልኝ፣ እጄ ተይዟል።»

ሰውየው አራትን ተጭኖ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሐል ሲደርሱ መብራት ጠፋ።

ሊፍቱ ተንገጫግጮ ቆመ። የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ቀረ። አትዝጉት የጥሪውን ቁልፍ በክርኑ ደጋግሞ ተጫነ፤ የሚሰማው አልነበረም። የማሽኑ ፋን እያጓራ ትኩስ አየር ሆዱ ላይ ይተፋበታል።

«ሥዕል እያወጣ ነው፤ ሬንደር ነው አይደል?» አለ ሰውየው። «ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንስብሃል? ሚሞሪው ስንት ነው?»

አትዝጉት ክው አለ። ተራ ሰው ይህን አይጠይቅም! አምስተኛው ፎቅ ላይ ለዚሁ ሆስፒታል የሚወዳደር ቢሮ አለ። አምና ከዚያ የመጣ አንድ ጨዋ መሳይ ሰው ከጸሐፊዋ ጋር ሲያወጋ ዋለ። በሳምንቱ፣ «እነሱ በአሮጌ ማሽን ነው የሚሠሩት፤ አያደርሱላችሁም» ብለው የነአትዝጉትን ትልቅ ደንበኛ ነጠቁ። ዘንድሮ ግን ከኔ አፍ አይሰሟትም፣ የቤት ገመና ለባዳ አይሰጥም አለ በልቡ።

«ማሽኑ? ምን ይወጣለታል!» አለ። «አንበሳ ነው።»

«ታዲያ ሥራው ምነው ዘገየ?»

«እኔ ነኝ አርፍጄ የጀመርኩት።»

«ሁሌ እንዲህ ነህ?»

ውሸት አንዴ ከጀመሩት መመለሻ የለውም። «ሁሌም። ትንሽ ስንፍና አለብኝ። አለቃችንማ ማሽን በሉት ምን፣ የጠየቅነውን ሳይውል ሳያድር ነው የሚገዛልን።»

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። አትዝጉት አየው፤ ጻፍ፣ ምን አባክ ታመጣለህ አለ በሆዱ።

«ከዚህ የበረታ አዲስ ማሽን ቢሰጡህስ?»

«ለምኔ? አልፈልግም!» አለ። እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሥዕሉ ዘጠና አምስት በመቶ። ባትሪው አራት በመቶ። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ግድግዳው የተጠጋው መሰለው። «ኧረ ክፈቱልን! ኧረ በናታችሁ!» እያለ በሩን በእግሩ ደበደበ። ዘጠና ስምንት ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ።

አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት አትዝጉት ዞር ብሎ ሳያይ ወጥቶ መጸዳጃ ቤት ገባ። ፊቱን ታጠበ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ታጠበ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታየውና ልቡ ትንሽ መለስ አለ፤ እንግዲህ ማሽኑ በድን ሆኗል፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአለቃውን በር ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ፤ ማሽኑንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይኸው፣ ይዩት! ማሽኑ ነው ብዬ ስጮህ አልነበር?»

«እኔም ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ ብዬ፣ አይቶ የሚፈርድልን ባለሙያ ከውጭ ጠርቼ ነበር» አለ አለቃው፣ ከበሩ ኋላ ወዳለው ወንበር በአገጩ እያመለከተ።

«እኔማ ማሽኑ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር» አለ ባለ ግራጫ ኮቱ። «አይደለም ያለኝ ራሱ ነው።»